ሦስት ጊዜ ካልተለመኑ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እኔ ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ መሥሪያ ቤቶቹ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ነው። «ዓለምጸሐይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ይላል። ክፍት የሥራ ቦታ በተለጠፈ ቁጥር ወጣቱ ሰሌዳውን ከብቦ ያነባል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያ ማስረጃውን በፕላስቲክ አቅፎ መንገዱን ይሻገራል። እኔም ኮፒውን ከነምክሩ እሰጠዋለሁ። ምክሩን ማንም አልጠየቀኝም። ግን ዝም ብሎ ወረቀት ማባዛት አልችልበትም፤ አፌ አይታገሥም።

«ይሄን ‹ትርፍ ጊዜዬን መጽሐፍ በማንበብ አሳልፋለሁ› የሚለውን አውጣው፤ የትኛውን ብለው ቢጠይቁህ ጉድ ትሆናለህ» እለዋለሁ አንዱን። «አንቺ ደግሞ የማይሠራ ስልክ አትጻፊ። ቀበሌሽ ኔትወርክ ከሌለው የኔን ቁጥር ጻፊ፣ እኔ አስጠራሻለሁ።» «ዋናውን ማስረጃ ሳትይዝ እንዳትሄድ።» «ሲኦሲውን፣ የብቃት ምዘናውን፣ ካላለፍሽ አላለፍኩም በይ እንጂ በመጠባበቅ ላይ ነኝ አትበይ፤ እነሱም ያውቁታል።» አንዳንዱ ያመሰግነኛል። አንዳንዱ «ኮፒውን ብቻ ይስጡኝ» ይለኛል፤ እሱም ተመልሶ ይመጣል።

ምክሩ አለ፣ ሥራው ግን ጠፍቷል። እኔ ራሴ በታይፕራይተር ዘመን የጽሕፈት ሠራተኛ ነበርኩ። ያኔ መሥሪያ ቤት ሁሉ ጸሐፊ ነበረው፣ መዝገብ ቤት ነበረው፣ ተላላኪ ነበረው። ዛሬ ኃላፊው ራሱ በስልኩ ይጽፍና በቴሌግራም ይልከዋል። የቀረችው አንዲት ጸሐፊ ደብዳቤውንም ትጽፋለች፣ ፋይሉንም ታደራጃለች፣ ስልክም ታነሣለች፣ ባለጉዳይም ታስተናግዳለች። ለዚያች ለአንዲት ወንበር ደግሞ ከእስቴም ከስማዳም ከጋይንትም ዲፕሎማ ያለው ሁሉ ይመዘገባል። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» ካለማ ሰልፉ ለጉድ ነው።

ከነዚህ ሥራ ፈላጊዎች አንዷ እቤቴ ውስጥ ነበረች። ሐረገ ወይን ትባላለች፤ የአክስቴ ልጅ ልጅ ናት። እናቷ ነፍሷን ይማር፣ ሞታለች። አባቷ መሪጌታ መልአኩ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አጠገብ ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ያስተምራሉ። ልጅቱ ደብረ ታቦር የጸሐፊነት ሙያ ተምራ ጨርሳ፣ ሥራ እስክታገኝ ብላ እኔ ዘንድ አረፈች። ሱቄ ሁለት ሰው የሚያበላ ቢሆን ኖሮ የትም አልሰዳትም ነበር። አንድ ላፕቶፕና አንድ ማሽን ነው ያለኝ፤ መብራቱም ሲመጣ ነው። እጇ ግን እንዴት ያለ እጅ መሰላችሁ! እኔ መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ እሷ ገጹን ጨርሳ፣ ስሕተት ፈልጋ፣ አስተካክላ ታወጣዋለች።

ታዲያ ይቺ ልጅ ሁለት ቦታ ተወዳድራ ሁለቴ ቀረች። የጽሑፍ ፈተናው ውጤት ሲለጠፍ ስሟ ከላይ ነው። የተግባሩም እንዲሁ። ቃለ መጠይቅ ትገባለች፣ ከዚያ ወዲያ ስሟ የለም። አንዴ ሲሆን ዕድል ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሲደገም ደሜ ፈላ።

«በዘመድ ነው» አልኳት። «ለእገሊት ያዘጋጁት ወንበር ነው።»

«ሰው አይሙ፣ እትዬ። ስላልተባለልኝ ነው።»

«ምን ብለው ጠየቁሽ?»

«ደኅና አድርገው ነው ያነጋገሩኝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ብዙ አታወራም። ስታወራም ስለ አባቷ ነው። አባባ አሁን ከደቀ መዛሙርቱ ተለይተው ወደ ቤት ገቡ ትላለች፤ አባባ አሁን ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል ትላለች። «ሁልጊዜ ወደ በሩ ነው የሚቀመጡት፤ እንግዳ ሊመጣ ይችላል ይላሉ» አለችኝ አንድ ጊዜ። የካህን ቤት እንግዳ አያጣም ብዬ አለፍኩት።

በኅዳር መጨረሻ ባሕር ዳር ያለች የአጎቷ ልጅ ደወለች። ሰው ቤት ሠራተኝነት አግኝታላታለች። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሴትዮዋም ደግ ናቸው፣ ግን ቶሎ ካልመጣች ሌላ ይቀጥራሉ። ሐረገ ወይን ለመጪው እሑድ እመጣለሁ አለች። እዚያው ዓይኔ እያየ ዲፕሎማዋን ከሻንጣው ሥር አስተኝታ ልብሷን ከላዩ ማጠፍ ጀመረች። በቤት ሠራተኝነት ምንም ነውር የለም፤ ሥራ ሥራ ነው። ግን አልቅሼ ነበር። ያቺ እጅ የሰው ድስት ልታጥብ ስትሄድ ማየት ከበደኝ።

በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። አዲስ የተቋቋመ የገብስና የባቄላ አምራች ገበሬዎች ዩኒየን አንዲት ጸሐፊ ይፈልጋል። ፈተናው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። አስመዘገብኳት። እሷ ልቧ ሄዷል፤ እኔን ላለማሳዘን ብላ ነው እሺ ያለችው።

ምስጢሩን የነገረኝ ካሌብ ነው። ካሌብ ባንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ነው፤ ከተማው ውስጥ ፈተና ባለ ቁጥር ከኮሚቴው አይጠፋም። ለዚህ ለዩኒየኑም ተውሰውታል። ወረቀት ሊያባዛ መጣና ወደ ጓዳ አንገቱን አስገብቶ «ያቺ እጇ የሚሮጠው ልጅ የለችም?» አለኝ።

«ገበያ ወጥታለች። ምን አድርጋችሁ ነው ሁለቴ የጣላችኋት?»

«እኛ ጣልናት? እትዬ ዓለም፣ እሷ ናት የጣለችን! ‹ሥራውን ብንሰጥሽ ትሠሪያለሽ?› ብንላት ‹ይቅርብኝ፣ ከኔ የሚሻሉ አሉ› አለች። በግድ እንቅጠራት እንዴ?»

ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ተነክሶ ቀረ። እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሐረገ ወይን ድንች ተሸክማ ስትገባ በር ላይ ጠበቅኋት። «‹ይቅርብኝ› ብለሻል?»

ፊቷ ቀላ። «መጀመሪያ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

«መጀመሪያ ማለት?»

«እሺ ከማለቴ በፊት ነዋ፣ እትዬ። ደግመው ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር። ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ‹እናመሰግናለን፣ መሄድ ትችያለሽ› አሉኝ።»

«ሁለተኛውስ ቦታ?»

«እዚያም ጠበቅሁ።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ! ነገሩ ግን ገባኝ፤ እኔም ያደግሁት እዚያው ጋይንት ነው። በሷ አባት ጉባኤ ተማሪው ዜማ ምራ ሲባል ዘሎ አይነሣም። «እኔ አልበቃም» ይላል። ሁለተኛ ሲባል አንገቱን ይደፋል። ሦስተኛ ሲለመን ነው ተነሥቶ ድምፁን የሚያሰማው፤ እንደሚችል ግን ሁሉም ከመጀመሪያውም ያውቃል። ማዕድ ላይም ያው ነው። ብሉ ሲባል «አሁን በላሁ» ይባላል፤ «በሞቴ» ካልመጣ እጅ ወደ ትሪው አይሄድም። ሳይለመን የሚጎርስ ሰው ስሙ ጅብ ነው። ልጅቱ ሥራውንም እንደ ጉርሻ ጠብቃው ኖሯል።

«ስሚኝ» አልኳት፣ ድንቹን እንኳ ሳታወርድ። «ቢሮ በሞቴ አይልም። ካሌብ ከአንቺ በኋላ የሚጠይቀው ሰው ደጅ ላይ ተሰልፏል። አንዴ ጠይቆ ይጽፋል፤ አለቀ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?»

«አባባ ደግሞ ሙያ በልብ ነው ይላሉ።»

«በልብ ነው፣ በልብ ነው! ካሌብ ልብሽን የሚያይበት ማሽን አለው?»

ድንቹን አወረደች። ወደ ሻንጣው ስታይ አየኋትና ንዴቴ ወጣልኝ፤ አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ደንበኛ ሲጠፋ ፈታኝ እሆናለሁ። ማሽኑ ጀርባ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ጥዬ፣ «ራስሽን አስተዋውቂ!» እላለሁ። መጀመሪያ ጉራ ላስተምራት ነበር የሞከርኩት። «‹እኔ በጣም ጎበዝ ነኝ› በይ» አልኳት። «እኔ…» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «‹ከሁሉም እበልጣለሁ› በይ።» ጭራሽ ተነሥታ ወጣች። አሁንም ደግሜ ብሞክር ያው ነው፤ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ለካ የማይመጥናትን ጫማ እያስገደድኳት ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ያሰብኩት። «ሐረግ፣ ለሽምግልና ተጠርተሽ ስለ አንዲት ልጅ መስክሪ ብትባይ ትዋሺያለሽ?» አልኳት።

«እግዜር ያሳይዎ! ለምን እዋሻለሁ?»

«ያቺ ልጅ አማርኛም እንግሊዝኛም አጥርታ ትጽፋለች? ፋይል ታውቃለች? ኤክሴል ትችላለች?»

«…ትችላለች።»

«ሥራውን ትፈልጋለች?»

«በጣም ትፈልጋለች» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች።

«አሳንሰሽ ብትናገሪባት ምስክርነትሽ ምን ይባላል?»

«ሐሰት» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ ጉራ ተውን። ስለዚያች ልጅ ብቻ መሰከረች። ረቡዕ ሲመሽ «ትችላለች» የሚለው «እችላለሁ» ሆኖ ነበር፤ ድምፁ ገና ቀጭን ቢሆንም።

ሐሙስ ዕለት እኔም ፈተናው ላይ ነበርኩ። ዩኒየኑ ወንበር እንጂ ኮምፒውተር ገና አልገዛም፤ የኔን ላፕቶፕና ፕሪንተር ተከራይተው እንድጠብቅ ጥግ አስቀመጡኝ። ለካሌብ ልጅቱ የኔ ዘመድ መሆኗን ነገርኩት። «ይቀመጡ፣ ግን ቃል እንዳይተነፍሱ» አለኝ። ይቺን ነገር ለኔ ማዘዝ!

ሰብሳቢው ቄስ ጥጋቡ ናቸው፤ ገበሬው የመረጣቸው የዩኒየኑ ሊቀ መንበር። ከአውድማ በቀጥታ ስለመጡ ጋቢያቸው ላይ የገብስ እብቅ አለ። ከሐረገ ወይን በፊት የገባው ከወገዳ የመጣ ልጅ «በኮምፒውተር በኩል የሚያቅተኝ ነገር የለም» ብሎ ጀመረ። ፕሪንተሩ ወረቀት ጎረሰበትና በቡጢ መታው። የኔን ፕሪንተር! ቃል አልተነፈስኩም፤ ግን ዓይኔን አይቶ እጁን ሰበሰበ።

ከዚያ እሷ ገባች። እጅ ነሣች፣ ቁጭ አለች፣ የሰጧትን ደብዳቤ ጻፈች። ፕሪንተሩ ለሷ ዝም ብሎ አወጣላት። ካሌብ ወረቀቱን አነበበና ቀና አለ።

«አንቺን አውቅሻለሁ። ያኔ ሥራውን አልፈልግም ያልሽን አንቺ ነሽ አይደል?»

ቄሱ ዞር ብለው አዩዋት። እኔ የፕሪንተሩን ገመድ በሁለት እጄ ጨብጫለሁ።

«ነኝ» አለች።

«ዛሬስ ልጄ?» አሉ ቄስ ጥጋቡ። «ይህንን ሥራ ብንሰጥሽ ትሠሪዋለሽ?»

አንገቷ ወደ መሬት መውረድ ጀመረ። «ኧረ…» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት። አለቀ፣ እሑድ ባሕር ዳር ናት አልኩ በልቤ። እሷ ግን ቃሉን እዚያው አቆመችው። አንገቷን ቀና አደረገች።

«እሠራዋለሁ፣ አባ። እችለዋለሁ። በጣምም እፈልገዋለሁ።»

ቄስ ጥጋቡን ገረማቸው። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሪጌታ መልአኩ፣ ከቤተ ልሔም።»

«የመሪጌታ መልአኩ!» ጋቢያቸውን ከፍ አደረጉ። «ምነው ልጄ፣ የሳቸው ልጅ ሆነሽ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትለመኚ?»

ካሌብ ምኑም አልገባው፤ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን ያያል። እኔ ገብቶኛል።

«እስክለመን ስጠብቅ ሁለት ሥራ አምልጦኛል፣ አባ» አለች። «ያኔ አልፈልግም ማለቴ አልነበረም፤ ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነው። ዛሬ እናንተም እንዳትደክሙ፣ እኔም እንዳልቀር ብዬ ነው።»

ቄሱ ሣቁ። እብቁ ከጋቢያቸው እስኪረግፍ ድረስ ሣቁ። «እውነቷን ነው» አሉት ካሌብን። «እኔ ለዚህ ወንበር ስመረጥ ሦስቴ እንቢ ብያለሁ። የምፈልገው ግን ገና ስሜ ሲጠራ ነበር።» ካሌብ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ሰርዞ ሌላ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም።

ቅዳሜ ውጤቱ ተለጠፈ። ሱቃችን ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። እሷ ግን ከማሽኑ ጀርባ አልወጣ አለች፤ «እርስዎ ይዩልኝ» አለችኝ። ሰዉን በክርኔ ገፍቼ ገባሁ። አሸናፊ በሚለው ሥር ሐረገ ወይን መልአኩ ይላል። ከዚያው ሆኜ ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላስታውስም፤ ከሰሌዳው አጠገብ የምትቀመጠው ጎመን ነጋዴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ማታ ለአባቷ ደወለች። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ስለዚህ እኔም ሰማሁ። መሪጌታ አመሰገኑ፣ መረቁ፣ ለኔም ደግመው መረቁ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ስንት ጊዜ ለመኑሽ፣ ልጄ?»

ሐረገ ወይን አየችኝ። ሦስቴ በይ ብዬ በጣቴ አሳየኋት፤ ምን ቸገረሽ፣ ሽማግሌው ደስ ይበላቸው ብዬ። ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች።

«አልለመኑኝም፣ አባባ። አንድ ጊዜ ጠየቁኝ። እሺ አልኩ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። አንዲት ላም ስታገሣ ከወዲያ ተሰማ፤ አልተቋረጠም።

«ደግ አደረግሽ» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንቺ ሳትወለጂ ከአንድ ትልቅ ደብር የድጓውን ወንበር ሊሰጡኝ መልእክተኞች መጡ። ‹እኔ አልበቃም፣ ከኔ የሚሻሉ አሉ› አልኳቸው። ሰዎቹ የእኛ አገር ሰዎች አልነበሩም፤ ‹እንግዲያስ ይቅርታ› ብለው ተነሥተው ሄዱ። ነገ ይመለሳሉ ብዬ ጋቢዬን ለእናትሽ አሳጠብኩ።»

«ከዚያስ፣ አባባ?»

«ከዚያማ ምን አለ። እስካሁንም ውሻ ሲጮህ ወደ በሩ አያለሁ።»

ሐረገ ወይን በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። እኔም፣ ለሰው ሁሉ ምክር የማላጣዋ፣ ስልኩን ወደ እሷ ገፋሁላት። እንባዋን ጠረገችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ጥምቀት ሲያልፍ እዚህ ይምጡ። ቢሮዬን ይዩልኝ።»

የጋይንትን ሰው አውቀዋለሁ። «ኧረ ይቅርብኝ፣ አላስቸግራችሁም» እስኪሉ ጠበቅሁ፤ ሁለተኛውን «በሞቴ» እኔ ልለው አፌን ከፍቻለሁ።

«እሺ» አሉ መሪጌታ መልአኩ። «እመጣለሁ።»